ያልተሰካው ሽቦ

ቡሬ ተወልጄ ቡሬ ያረጀሁ ሴት ነኝ፣ ጠንቋይ ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ ዛር ሰፈረብኝ የሚለኝንም ሰው «ሥራ ቢኖርህ አይሰፍርብህም ነበር» እያልኩ አሳፍሬ ነው የምሰደው። ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህን የምነግርህ አምኜበት ሳይሆን አይቼው ነው፣ ባታምነኝም ያየሁትን አልቀንስልህም።

ነገሩ የመጣው በጎረቤቴ በየሺ መሬት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የባሏ ወንድም ደምሌ ባረሰ ቁጥር አንድ አንድ ትልም ወደ እሷ እየገፋ፣ ደህና ጤፍ የሚሰጠውን ዳር ዋጠው። የመሬት ደብተሯን ፍለጋ ሣጥኗን ብትከፍት ምስጥ በልቶታል። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ እኔም ለማንም አታዳላም ተብዬ ታዛቢ ሆንኩ፣ እነሱም «የመዝገቡ ወረቀት ዛሬ ከወጣ በወረቀቱ፣ ካልወጣ ያ ዳር እኩል ይከፈላል» አሉ።

መዝገቡ ያለው በመሬት መሥሪያ ቤቱ የጓሮ ክፍል ካለ ማሽን ውስጥ ነው፣ የሚታተመው ከፊተኛው ክፍል፣ በመሐል ያለውን ሽቦ ደግሞ አይጥ በጥሶታል። ሊጠግን የተጠራው ሰው የልጄ ልጅ ትዕግሥት ሆነች፣ ባሕር ዳር ይህንኑ ተምራ የመጣች ናት፣ ሽማግሌዎቹ ከየሺና ከደምሌ ጋር ደጅ ጥላ ሥር ሲጠብቁ እኔ ፊተኛው ክፍል አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እስቲ አስረጅኝ፣ ጽሑፍ በሽቦ እንዴት ይሄዳል?»

«እዚህ ከማተሚያው ጋር በተያያዘው ሳጥን ውስጥ ጥፍርዎን የምታህል ቺፕ አለች እማዬ። አራት አራት ምልክት ትወስድና በአምስት አምስት ትተካዋለች፣ ከዚያ ታመሰቃቅለዋለች።»

«ምን በድሏት?»

ሳቀች። «አንድ ዓይነት ምልክት ሲደጋገም ሌላውን ሽቦ ይረብሻል። ወዲያ ጫፍ ያለችው ቺፕ አመሰቃቀሉን ታውቀዋለች፣ እርምጃዋን ከዚችኛዋ ጋር ካስተካከለች መልሳ ትፈታዋለች፣ ከሳተች ግን የምትሰማው ጫጫታ ብቻ ነው።»

«የሚላክ ሲያጡስ ያርፋሉ?»

«አያርፉም። ‹አለሁ፣ አለሁ› ይባባላሉ፣ እሱንም አመሰቃቅለው ነው። ይቺ አረንጓዴ መብራት የምትበራው ከወዲያ ‹አለሁ› የሚላት ስታገኝ ነው።»

ከዚያ «ማተሚያውን አዝዤዋለሁ፣ ሽቦው ሲገናኝ ራሱ ያትማል፣ እርስዎ ምንም አይንኩ» ብላኝ ወደ ጓሮ ሄደች። አሁን ልብ በልልኝ፣ የሽቦው አንዱ ጫፍ ሳጥኑ ላይ ተሰክቷል፣ ሌላው ጫፍ ገና በግድግዳው ቀዳዳ አላለፈም፣ ከነጥቅሉ እግሬ ሥር ተኝቷል።

ሰዓቱ ስምንት ነው፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታለች፣ አላንቀላፋሁም። መጀመሪያ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ትንኝ መስሎኝ በነጠላዬ ባባርረው አልሄድ አለ፣ ጎንበስ ብል ከሳጥኑ ነው። መብራቷ በራች። የሽቦውን ጫፍ አነሣሁት፣ ከምንም ጋር አልተገናኘም፣ በእጄ ይዤው መብራቷ ትርገበገብ ጀመረች፣ አንዴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ቆም እያለች፣ የረሳውን ነገር እንደሚያስታውስ ሰው። ማተሚያው ተንቀሳቀሰ፣ ወረቀት ወጣ።

አራተኛ ክፍል ደርሻለሁና ማንበብ አያቅተኝም። የየሺ ስም አለ፣ የወሰኑ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን «በደምሌ በኩል፣ ሕፃኑን ከቀበርንበት ኮሶ ሥር ድረስ» ይላል።

ትዕግሥት ተመለሰች። «ምን አተመ እማዬ? የጓሮውን ማሽን ገና አልከፈትኩትም።» በእጄ የያዝኩትን ጫፍ ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

ወረቀቱ ደጅ ወጥቶ ሲነበብ የሺ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ልጅ እንደነበራት ያን ቀን ነው የሰማሁት። «እኔና ሟቹ ባሌ ብቻ ነን የምናውቀው» አለች።

ደምሌ ሳቀ። «መዝገብ እንዲህ ይጽፋል? ሁለቱ አሮጊቶች የመከሩት ነው።»

ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት አያ ታከለ ወደ እኔ ዞሩ። «እመት አልጋነሽ፣ በእግዜር ፊት ይንገሩኝ፣ ይህ በሽቦው መጣ?»

የሺ አየችኝ። አዎ ብል መሬቷ ይመለሳል፣ መመለሱም ፍትሕ ነው፣ ቃሉ አንድ ነው፣ ከንፈሬ ላይ ደርሷል።

«ሽቦው አልተሰካም ነበር፣ ጫፉ በእጄ ነበር» አልኩ።

አያ ታከለ ወረቀቱን አጣጠፉት። «በአባቶቻችን አውጫጭኝ፣ ሌባ ሲጠፋ አገር ይሰበሰብና ያየ ሰው ራሱን ሳይገልጥ በወፍ ይናገር ነበር። ወፉ ማን እንደሆነ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማወቅ አለበት፣ ካላወቀው ቃሉ አይያዝም። የዚህን ወፍ የሚያውቅ አለ?»

ከዚያ ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱት።

ትዕግሥት ሽቦውን በቀዳዳው አሳልፋ አገናኘችው፣ ሌላ ወረቀት ወጣ፣ የየሺ ስም አለበት፣ የወሰኑ ቦታ ባዶ ነው። ዳሩ እኩል ተከፈለ፣ ኮሶው የነበረበት ለደምሌ ደረሰ። በሰኔ አረሰው።

የሺ ያን ቀን ወደ ቤታችን ስንሄድ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። «እኔ መዝገቡን ጠየቅሁ፣ የመለሰልኝ ባሌ ነው። አንቺ አላየሁህም አልሽው።»

ከዚያ ወዲህ በቅዳሴ ጎን ለጎን እንቆማለን፣ ሰላም አትለኝም። ነገም ቢጠይቁኝ ያንኑ እመሰክራለሁ፣ እውነቱ እሱ ነው። ግን በድያለሁ፣ ይታወቀኛል፣ የበደልኩት እሷን ይሁን ያን ወረቀት የላከውን፣ እሱን ነው የማላውቀው።