ያልተነካው ሰዓት

ታቴ ሺግዌዳ በእንግዳ መቀበያው ጎጆ ውስጥ በአፍጢማቸው ተደፍተው ተገኙ። የኋላ ጭንቅላታቸው ሰርጉዷል። እህል የሚወቀጥበት ዘነዘና አጠገባቸው ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ደምና ሽበት ተጣብቆበታል። ገዳዩ ዘነዘናውን ሲሰነዝር መጀመሪያ ያገኘው ግድግዳውን ነበር። እዚያ የተሰቀለው ሰዓት ተሰባብሮ ሦስት ሰዓት ላይ ቆሟል።

ውጭ፣ ከአጥሩ ግንድ ጋር ዶሚንጎ ታስሯል። ከድንበሩ ማዶ፣ ከአንጎላ መጥቶ የሟቹን ከብቶች ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። ከአፉ ደም ይንጠባጠባል። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ገጀራና ዱላ ይዟል።

«ፖሊስ ሳይደርስ እንጨርሰው!» ይል የነበረው ፊሊመን ነው። የሟቹ የእህት ልጅ ነው፤ ከመንገዱ ወዲያ ያለው፣ ከጠዋት ጀምሮ ራሱ የሚቀዳበት መጠጥ ቤትም የእሱ ነው። በእኛ ዘንድ ከብት የሚወርሰው የእህት ልጅ ነው።

ኢንስፔክተር ኔክዋያ ከመኪናዋ ወረደች። አጭር፣ ደንዳና ሴት ናት፤ ለመናገር አትቸኩልም። ዕለቱ፣ ብርዱ ሲገባ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ ኋላ የተመለሰው የአገሩ ሰዓት ተመልሶ ወደፊት የሚገፋበት እሑድ ነበርና ጠዋት ጣቢያው ውስጥ ሬዲዮ ከፍታ ቆይታለች። አቅራቢው የሟቾችን ስም ሲያነብ በየመካከሉ «ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደፊት ግፉ፤ የብርዱ ሰዓት አብቅቷል» እያለ ጆሮዋን አደንቁሮት ነበር።

«ገጀራውን መሬት ላይ አስቀምጡ» አለች።

«ሜሜ፣ እጁ ደም በደም ሆኖ ነው ያገኘነው!» አላት ፊሊመን፤ ‘ሜሜ’ በእኛ አፍ እናት ማለት ነው፣ ‘ታቴ’ም አባት።

«ያንተስ እጅ?»

ፊሊመን እጁን አየ። እስከ አንጓው ቀልቷል። «ይሄማ እሱን ስደበድብ ነው።»

«እሱም የሚለው ይኖረዋል። ከዚህ ግቢ ማንም እንዳይወጣ።»

ዶሚንጎ ያለው ጥቂት ነው። ከውኃ ሲመለስ ጌታው ወድቀው አገኛቸው፤ ሊያነሳቸው ሞከረ፤ አልተነሱም።

ኔክዋያ ጎጆው ውስጥ መበለቷን ሜሜ ካውናን አገኘች። አሮጊቷ ነጭ የመዘምራን ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው። በድኑ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገውበታል።

«ሰዓቱ ሦስት ይላል፣ ሜሜ።»

«እሱን አትመኚው፣ ልጄ። ሰውየው ሰዓት አይነኩም። በሙቀቱ ወራት ከተሰቀለ ጀምሮ ጣታቸው አላረፈበትም። ‘መንግሥት ስላዘዘ ፀሐይ ወደ ኋላ አትሄድም’ ይሉ ነበር።»

ፊሊመን ከበሩ ሆኖ ጣልቃ ገባ። «በቃ፣ የቆመው በአሮጌው ሰዓት ነዋ! በአዲሱ አራት ማለት ነው። በአራት ሰዓት ደግሞ ይሄ የማዶ ውሻ ወደ ግቢው ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ዝምታ» አለችው። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «የሚጠላቸው ሰው ነበር?»

«የሚጠላቸው እንኳ የለም። የሚከራከራቸው ግን አለ። ነገ ከዋና ከተማው፣ ከዊንድሁክ፣ የሚመጣ የመንግሥት ሰው አለ፤ የሰዓቱ መለዋወጥ ይቅር ወይስ ይቆይ ብሎ ሊጠይቀን። እሳቸው ይቅር ሊሉ ነበር። መንደሩም ከእሳቸው ቃል አይወጣም።»

«ለምን ይቅር?»

«ልጃችን ሱቅ ትሠራ ነበር። ሰዓቱ ወደ ኋላ በተመለሰ ሰሞን ከሥራ ስትወጣ ጨለመባት። በበፊቱ ሰዓት ቢሆን ገና ብርሃን ነበር። ሜዳው ላይ አንቀው ገደሏት፤ ሬሳዋ እዚያው አደረ።» ብርድ ልብሱን አስተካከሉ። «ይቆይ የሚለው መምህር ዌዩሉ ነው። ግን እሱ ቤተ ክርስቲያን ነበር።»

መምህሩ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ጥቁር ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ላብ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

«ከታቴ ሺግዌዳ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው።

«ተከራክረናል። መጣላት ሌላ ነው። የእኔ ልጅ ጠዋት ነው የሞተችው፣ ሜሜ። ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ሰዓቱ ገና ሳይመለስ፣ በጨለማ ትምህርት ቤት ስትሄድ የጭነት መኪና ጨፈለቃት። ሾፌሩ ፍየል መሰለችኝ አለ። ፍየል! ሰዓቱ ቀደም ብሎ ተመልሶ ቢሆን ፀሐይ ወጥታ ያያት ነበር።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አታስታውሺኝ። ሰዓቴን መግፋት ረስቼ ጸሎቱ በሦስት ተጀምሮ እኔ በአራት ገባሁ። ፓስተሩ ስብከቱን አቁሞ ‘መምህራችን ለሚቀጥለው እሑድ ቀድመው መጡ’ ብሎ አሳቀብኝ።»

«በየዓመቱ አንድ ሰው አይጠፋም።»

«ዘንድሮ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ቀኑ ራሱ ክፉ ነው። ጠዋት በሬዲዮ የሜሜ ማጋኖን ሞት ሰማሁ፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ ይሄ።»

«ሙቀቱ አይጣል ነው። ኮትዎን አያወልቁም?»

«ሰንበት ነው» አላት።

ኔክዋያ አንዱን ፖሊስ ዶሚንጎ ዘንድ ትታ ወደ ውኃው ወረደች። ሁለት ሴቶች ጀሪካን ይሞላሉ።

«ዶሚንጎ ዛሬ እዚህ መጥቶ ነበር?»

«መጥቷል እንጂ! ላሞቹ ጀሪካናችንን ገለባብጠው ስንሰድበው ነበር» አለች አንዷ። «ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው መዝሙር ሲጀመር እዚሁ ነበር። ብዙ ዘምረው ዝም ካሉ በኋላ ነው የሄደው።»

«ለምን አልተናገራችሁም?»

«ማን ጠየቀን? በአራት ሰዓት የት ነበር ነው የሚሉት። በአራት ሰዓት ሄዷል።»

በዚህ መካከል ከግቢው ጩኸት ተሰማ። ኔክዋያ ሮጠች። ፖሊሱ ግንባሩ ተፈንክቶ መሬት ላይ ነው። ገመድ ከዛፉ ቅርንጫፍ ወርዷል። ዶሚንጎ በእግር ጣቱ ቆሞ ያጣጥራል፤ ፊሊመንና ሌሎች ሦስት ሰዎች ገመዱን ይጎትታሉ። ሽጉጧን አውጥታ ወደ ሰማይ ተኮሰች። ሦስቱ ለቀቁ። ፊሊመን አልለቀቀም። አፈሙዙን ጉንጩ ላይ አሳረፈች።

«ፍታው። በገዛ እጅህ።»

ፈታው። ዶሚንጎ ወድቆ አሸዋው ላይ ደም አስታወከ።

«አሁን ሁላችሁም ተቀመጡ» አለች። ሜሜ ካውናም ወጥተው ተቀመጡ። መምህሩ ከኋላ ነበር፤ ወደ ፊት አስጠራችው።

«ሰውየው ሰዓት አይነኩም አላችሁኝ። እሺ። ብርዱ ሲገባ ሁላችሁ ሰዓታችሁን ወደ ኋላ ስትመልሱ፣ እሳቸው መለሱ?»

«አልነኩትም አልኩሽ እኮ» አሉ ሜሜ ካውና።

«ስለዚህ ብርዱን ሙሉ የእሳቸው ሰዓት ከእናንተ በአንድ ሰዓት ይቀድም ነበር። ዛሬ እናንተ ወደፊት ገፋችሁ። የት ደረሳችሁ?»

ቀድሞ የገባቸው አሮጊቷ ነበሩ።

«እሳቸው ያሉበት» አሉ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው።

«እሳቸው ያሉበት። ሦስት ያለው ሦስት ነው። በአራት ሰዓት ዶሚንጎ ያገኘው ቆይቶ የቀዘቀዘ ደም ነው። በሦስት ሰዓት ውኃው ጋ በሁለት ሴቶች ይሰደብ ነበር። ሜሜ ካውና ከመዘምራኑ ጋር ቆመዋል። ፊሊመን ቤቱን ለሞሉት ሰካራሞች ይቀዳል፤ ሰካራም ቀጂው ሲጠፋ ወዲያው ያውቃል። የቀረው የመንደሩ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። የዘገየው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ መምህሩ ዞረ።

«ረሳሁ አልኩሽ!» አለ። «ሰዓት መርሳት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን አልረሱም። የሜሜ ማጋኖን ሞት ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ ሰምተዋል። እኔም ሰምቻለሁ። አቅራቢው ስማቸውን ከመጥራቱ በፊትም በኋላም ሰዓታችሁን ግፉ ብሏል። ሞቱን የሰማ፣ ሰዓቱን ሰምቷል። ኮትዎን ይክፈቱ፣ መምህር።»

አልተነቃነቀም። ፊሊመን ሊነሳ ሲል በዓይኗ አስቀመጠችው። መምህሩ ቁልፎቹን ከላይ ጀምሮ ራሱ ፈታቸው። ነጩ ሸሚዝ ከደረቱ እስከ ቀበቶው በደረቀ ደም ጠቁሯል።

«ልለምናቸው ነበር የሄድኩት» አለ። «ነገ ዝም ይበሉ አልኳቸው። ተንበረከክሁ። ‘ያንተን መኪና ነው የገጫት፤ የእኔን ሰው ነው የገደላት፤ አታወዳድር’ አሉኝና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ዘነዘናው በሩ ላይ ነበር። መጀመሪያ ሰዓቱን ነው ያገኘሁት። ከዚያ… ስንት ጊዜ እንደመታሁ አላውቅም።»

«ዶሚንጎን ሲሰቅሉት የት ነበሩ?»

«እዚሁ።»

«እያዩ?»

«እያየሁ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሕዝቡ ገጀራውን ዳግም አነሳ። ኔክዋያ መምህሩን አስቀድማ፣ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አድርጋ፣ የኋሊት እየተራመደች መኪናው ውስጥ አስገባችው።

በማግስቱ የዊንድሁኩ ሰው መጣ። ለመናገር ስም የሰጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሬሳ ክፍል ነው፣ አንዱ እስር ቤት። ሰውየው ጠበቀ። በመጨረሻ ሜሜ ካውና ተነሱ።

«የእኔ ልጅ ማታ ሞተች፤ የመምህሩ ልጅ ጠዋት። ሰዓቱን ወዴትም ብትገፉት አንዷ ጨለማ ላይ ትወድቃለች። መንገዱ ላይ መብራት ትከሉልን።»

«እሱ የእኛ መሥሪያ ቤት ሥራ አይደለም፣ ሜሜ» አላቸው ሰውየው በትሕትና። አሮጊቷ ተቀመጡ።

ያኔ ዶሚንጎ ከብቶቹን እየነዳ መጣ። አንገቱን የዞረው የገመድ ሰንበር ቀልቶ ይታያል። ስብሰባው መንገዱን ዘግቶት ነበር። ማንም ሳያዘው ፊሊመን ወንበሩን አንስቶ ከመንገዱ ወጣ፤ ዶሚንጎ ዓይኑን ሳይጥልበት አለፈ።