በየሦስት ስፌቱ

ልብስ ሰፊው አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ የተገኘው እኩለ ቀን ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው። ያገኘችው ቁስሉን ልታጥብለት የመጣችው ነርስ ናት። ሆዱ ላይ የተደረበው ፎጣ በደም ርሶ፣ ደሙ ፍራሹን አልፎ ወለሉ ላይ ደርሷል። ነርሷ ለፖሊስ ስትደውል «ቁስሉ ፈንድቶ ሞተ» አለች። የተላከ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። የመጣችው ግን ባልደረቦቿ «ለምን» የሚል ቅጽል ያወጡላት መርማሪ ነበረች፤ ቁርጡን ሳታውቅ ከሰው ቤት የማትወጣ፣ መልስ የሚያልቅብህ እንጂ ጥያቄ የማያልቅባት ሴት።

መርማሪዋ መጀመሪያ ያየችው ሆዱን ሳይሆን እጆቹን ነው። ደም አልነካቸውም። በአስሩም ጥፍሮች ስር ግን የአልጋው አረንጓዴ ቀለም ተፍቆ ገብቷል። አንጓው ላይ የገመድ ምልክት የለም። ራስጌው አጠገብ ካለው ሳህን ውስጥ አምስት ቁራጭ ሰማያዊ ክር በወረንጦ እያነሳች በማስመሪያ ለካች። ቁመታቸው እኩል ነበር።

«ይሄ ምንድነው፣ ሲስተር?»

«መረቡ የተሰፋበት ክር ነው።»

«የምን መረብ?»

ነርሷ ጓንቷን እያወለቀች ተነፈሰች። «ከሦስት ዓመት በፊት አንጀቱ ታጥፎበት ሆዱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ያ ዳነ ሲባል የተሰፋው ቦታ ላላና አንጀቱ በቆዳው ስር ይወጣ ጀመር። እንዲደግፍለት ብለው የፕላስቲክ መረብ ሆዱ ላይ ሰፉለት። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ፤ መረቡ መግል ያዘ። ይኸው ሁለት ዓመት እናጥባለን፣ መልሶ ይሞላል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።»

«መረቡ ከላይ ይታይ ነበር?»

«ካለፈው ወር ጀምሮ። ክሩም ጭምር። ማንም እንዳይነካው ብዬ አስጠንቅቄያለሁ።»

«አንቺ የቁስል ክር ስታወጪ እንዴት ነው የምትቆርጪው?»

«አንድ ባንድ ነዋ፣ ከቆዳው ጥግ። ሁላችንም የተማርነው እንደዚያ ነው።»

ፊት ለፊት ያለው ክፍል የልብስ ስፌት ቤቱ ነው። ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ አንዱ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጨርቅ ለብሷል፤ ሰፊው ጎንበስ ማለት አልችል ብሎ ነበርና። ሚስቲቱ ወንበሩን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች።

«ገበያ ነበርኩ» አለች። «ስመለስ ሲስተር በር ላይ ትጮሃለች።»

«ባለቤትዎ ስለ ሕመማቸው ምን ይሉ ነበር?»

«ይቀልዳል። ‹የሰውን አንጀት የሚበላው ነገር ነው፣ የኔን የበላው መረብ ነው› ይላል። ሲስቅ ደግሞ ያመዋል፤ ከዚያ ማልቀስ ነው። አንድ ገበታ ቀርበን ከበላን ሁለት ዓመታችን። ሽታው አሳፍሮት። ኧረ አትሸትም ብለው መቼ ሰምቶኝ!»

ታናሽ ወንድሙ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ደንበኛ ቤት ኮት አድርሶ መመለሱን ተናገረ። «ያሳደገኝ ጋሼ ነው። መቀስ ያስያዘኝም እሱ ነው» አለ። መርማሪዋ ልታጽናናው ትከሻውን ያዝ አደረገችው። ሸሚዙ አሁን የተተኮሰ ቢመስልም አንገትጌው ስር ገና እርጥብ ነበር።

መረቡን የሰፋለት ቀዶ ሐኪም የመጣው ተጠርቶ ነው። ቁጣ ቁጣ ይለዋል። «ሦስት ጊዜ አውጣልኝ ብሎኝ ሦስቴም እምቢ ብያለሁ። መረቡ ከአንጀቱ ጋር ተጣብቆ አንድ ሥጋ ሆኗል። ማውጣት መግደል ነው።»

«ሌላ ሐኪምስ አላየውም?»

«ሁለት አይተውታል። እነሱም ያንኑ ነገሩት።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ አራቱንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሳህኑን አስቀመጠች።

«ቁስሉ አልፈነዳም» አለች። «ክሩ በመቀስ ተቆርጧል። ራሱ ቆረጠው እንዳልል እጁ ንጹህ ነው፤ በሁለቱም እጁ አልጋውን ጨብጦ ነበር። ያሰረው የለም። ስለዚህ የቆረጠው ሌላ ሰው ነው፣ የፈቀደው ደግሞ ሟቹ።»

ነርሷ «እኔ አይደለሁም!» አለች።

«አንቺም ዶክተሩም አይደላችሁም። ሐኪም አንድ ባንድ ነው የሚቆርጠው። ይሄ ግን በየሦስት ስፌቱ ተቆርጦ ከወዲያ በኩል የተሳበ ክር ነው፤ ቁራጮቹ እኩል የሆኑት ለዚያ ነው። ኮት የሚተረተረው እንደዚህ ነው።»

ሚስቲቱ ብድግ አለች። «እኔ ነኝ። እኔም ስፌት አውቃለሁ። እኔን ውሰዱኝ።»

መርማሪዋ ከጠረጴዛው ላይ መርፌና ክር አንስታ ሰጠቻት። «እስኪ ያስገቡልኝ፣ እትዬ።»

ክሩ በመርፌው ቀዳዳ ግራ አለፈ፤ ደግሞ በቀኙ። በሦስተኛው ወንድሙ ሳያስበው እጁን ዘርግቶ መርፌውን ተቀበላትና አስገባላት። ይህን ስንት ዓመት ሲያደርግላት ኖሯል። ከዚያ መርፌውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ዓይንዎን ሞራ ሸፍኖታል» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ያን ቀጭን ክር ሊያዩት አይችሉም። እርስዎ ገበያ ነበሩ። አንተ ደግሞ ሸሚዝህን አጥበህ ሳይደርቅ ተኩሰህ ለበስክ። ምን ስትል ነው?»

«ተይው፣ ልጁን ተይው!» አለች ሚስቲቱ። ልጁ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።

«ጋሼ ለመነኝ» አለ ወንድሙ። «‹ሐኪም መስፋት እንጂ መተርተር አያውቅም› አለኝ። ‹የተሰፋ ሁሉ ይተረተራል፤ እኔና አንተ ስንት የተበላሸ ኮት አድነናል› አለኝ። አንድ ወር እምቢ አልኩ። ዛሬ ጠዋት አለቀሰ። ያሳደገኝ ሰው እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል አልቻልኩም። ማስታገሻውን እጥፍ አድርጎ ዋጠ፤ እኔ መቀሱን ውሃ ውስጥ ቀቀልኩ። ክሩ ደህና ወጣ። ‹አትፍራ፣ አሁን መረቡን ሳበው› አለኝ። ሳብኩት። አንድ ነገር ሲቀደድ ተሰማኝ። ጨርቅ አልነበረም።»

«ጨርቅ ክሩ ሲወጣ ይለቃል» አለ ሐኪሙ፤ ቁጣው ጠፍቷል። «ሥጋ ግን መረቡን አቅፎ ነው የሚያድገው።»

«ይህን ለሱ ቢነግሩት ምን ነበር፣ ዶክተር?» አለች ሚስቲቱ።

«ነገርኩት። ሊያምነኝ የሚችል ሰው አልነበረም።»

ወንድሙ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ባልነካው ኖሮስ?»

ሐኪሙ መርማሪዋን አያት፤ እሷም መልሱን ትፈልገው ነበር። «ልቡም ኩላሊቱም ደህና ነበር። አስር ዓመት ሊኖር ይችል ነበር።»

«እንደዚያው ሆኖ?» አለች ሚስቲቱ።

«እንደዚያው ሆኖ።»

መርማሪዋ በሥራዋ ብዙ ገዳይ ይዛለች። እንደዚህ ቀን ግን ባላወቅኩ ብላ አታውቅም። ሕጉ ሟቹ ፈቀደ አልፈቀደ፣ ለመነ አልለመነ አይልም፤ ሰው ሞቷል። ወንድሙም እጆቹን ሳይጠየቅ ዘረጋ።

ሚስቲቱ እየዳበሰች መጥታ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። «መጨረሻ ላይ ምን አለህ?»

«‹ወጣልኝ?› አለኝ። ‹ወጥቷል ጋሼ፣ ተገላገልክ› አልኩት።»

«አመነህ?»

«እንጃ፣ እትዬ። ዓይኑ ቀድሞ ፈዘዘ።»

በማግስቱ ሰፊውን ከነመረቡ ቀበሩት።