ያልደረቀ ቀለም

ፎቶ አታሚው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሞቷል። ለሚያየው ሰው ሥራ አድክሞት ያሸለበ ይመስላል፤ ነገሩን ያጋለጠው ከማጅራቱ በላይ ያለው ቁስል ነው።

መርማሪው ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ አረፈ። ባልደረቦቹ ከጀርባው «አንቀላፊው» ይሉታል። እሱም ያውቃል፤ ለመቆጣት ግን ጉልበት የለውም።

በሟቹ ፊት በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የቀለም ሣጥኖች የታተሙበት ወረቀት ተዘርግቷል። የቀለም መለኪያው መሣሪያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆሟል። መርማሪው መለኪያውን ገልብጦ ቢያየው ከሥሩ በቀለም ተለቃልቋል። ከወረቀቱ ጀርባ በሟቹ የእጅ ጽሕፈት «ዛሬ ሦስት ሰዓት ታተመ» የሚል ተጽፏል።

የሟቹ ታናሽ ወንድም የሱቁ ሻጭ ነው፤ ቀለምና ወረቀት የሚገዛውም እሱ ነው። በአራት ሰዓት ሲወጣ ሟቹ ደህና እንደነበር ተናገረ። ሚስቲቱ ደግሞ በአምስት ሰዓት ከመኖሪያ ክፍሏ ወደ ሥራ ክፍሉ ገብታ ሬሳ አገኘች። በመካከሉ ከእሷ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። የሱቁ ፍሬም ሠሪ ከማለዳ ጀምሮ መስታወት መሸጫ ቤት እንደነበረች ተረጋግጧል። ስለዚህ አብሮት የመጣው ፖሊስ የሚስቲቱን ክንድ እንደያዘ፣ ይዟት ለመሄድ የመርማሪውን ቃል ብቻ ይጠብቃል።

«ወረቀቱ ምንድን ነው?» አለ መርማሪው ወንበር እየሳበ።

ፍሬም ሠሪዋ አስረዳችው። ሰሞኑን የደንበኞች ፊት አረንጓዴ እየመሰለ ይወጣ ነበር፤ ሙሽሮች ሳይቀሩ የታመሙ መስለው ነበር። ሟቹም ለማተሚያው አዲስ የቀለም ፕሮፋይል ሊሠራ ተነሣ። ሣጥኖቹ ይታተማሉ፣ ይለካሉ፣ ኮምፒውተሩም ማተሚያው የቱን ቀለም እንደሚያዛባ አውቆ ያርመዋል።

ሚስቲቱ ሳትጠየቅ ቀጠለች። «ሃያ ዓመት ከወረቀቱ ጋር ነው የተኛሁት። አንድ ቀን ሙሉ መኝታ ቤቴ ውስጥ እንደ ልብስ ያሰጣዋል። ቀለሙ እየደረቀ ይለወጣል ብሎ፣ አቧራ እንዳይገባ መስኮት እንኳ አያስከፍተኝም።»

መርማሪው ዓይኑን እያሻሸ ውጭ ይጠብቅ የነበረውን ወንድም አስጠራው።

«ስትወጣ ምን ይሠራ ነበር?»

«ቀለሙን ይለካ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«የትኛውን?»

«ጠዋት ያተመውን ነዋ። አትሞ መለካት አይደል እንዴ ሥራው?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«ተቀመጥ» አለ መርማሪው። «ወንድምህ ሰዓቱን ከጀርባው የሚጽፈው በማግስቱ ለመለካት ነው። ያልደረቀ ቀለም ለክቶ አያውቅም። መለኪያውን እርጥብ ወረቀት ላይ የጎተተው ሌላ ሰው ነው፤ ሟቹ እስከ አራት ሰዓት በሕይወት ነበር ለማሰኘት። ሚስቱም ፍሬም ሠሪዋም ቢሆኑ እንዲህ አይሳሳቱም። እዚህ ቤት ማድረቁን የማታውቅ አንተ ብቻ ነህ፤ ሻጭ ነህና የምታየው ያለቀውን ነው። ቀለም የምትገዛውም አንተ ነህ፤ አሁን ማተሚያው ውስጥ ያለው ቀለም እውነተኛው ነው?»

ወንድምየው እጆቹን ጭኖቹ መሃል ከትቶ አመነ። ርካሽ ቀለም ገዝቶ በዋናው ቀለም ዕቃ እየገለበጠ ይሰጥ ነበር። ሟቹ ዛሬ ደረሰበትና ከሱቁ ውጣልኝ አለው።

«ገፋሁት። የወረቀት መቁረጫው ብረት ላይ ወደቀ። ከዚያ አንሥቼ አስቀመጥኩት።»

ፖሊሱ የሚስቲቱን ክንድ ለቀቀ። እሷ ግን ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ ወንድምየውን ጠየቀችው።

«ስታስቀምጠው ይተነፍስ ነበር?»

መርማሪው ይህን ሊጠይቅ አልደፈረም ነበር።

«አዎ፣ እትዬ።»