ነጠብጣቡን ማን አነሳው?

ለመርካቶ ነጋዴና ነዋሪ በሙሉ፦ በዱባይ ተራ ማዕዘን የእግረኛ መውረጃ ራምፕ ተሠርቶ ከሰኞ ጀምሮ ክፍት መሆኑን በአክብሮት እናስታውቃለን።

ማስታወቂያው ከነማኅተሙ ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ከምሰሶው ሥር የሎተሪ አዟሪው የጋሽ በሪሁን አስከሬን በነጠላ ተሸፍኗል።

ዓይነ ስውር ነበሩ። በራምፑ ወርደው ጠርዙ ላይ ሳይቆሙ አስፋልቱ ውስጥ ገቡ፤ የጭነት መኪና ገጫቸው። ሾፌሩ ጥላሁን ታስሯል። «ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው» ይላል። ረቡዕ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ እስከዚያ ሌላ ጥፋተኛ ካልተገኘ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ኢንስፔክተር ሉብና ጫማዋን አውልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ራምፑን ወረደች። ዓይነ ስውራን በእግራቸው የሚያነቡት ቢጫው ታይልስ እስከ ጠርዙ ድረስ ባለመስመር ነው።

የሟች ባለቤት እትዬ ጽጌሬዳም አያዩም። «መስመር ሂድ ነው ልጄ» አሏት። «ነጠብጣብ ቁም ነው። ጠርዝ ላይ ነጠብጣብ ሊኖር ግድ ነው።»

ሉብና ራምፑን ያሠራውን ፎርማን አሸብርን ጠየቀችው።

«ዓርብ ሳስረክብ ነጠብጣብ ነበረበት! ይኸው ፎቶው።»

«ይሄ መስመር ታዲያ ከየት መጣ?»

«ከመጋዘን ይሆናል። የተረፈ አለ።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

አሸብር ኪሱን ዳበሰ። «እኔ ጋ።»

ጋሪ ገፊው ሀያቱ ገና ዓርብ በራምፑ ወርዷል፤ መርካቶ ምርቃት አይጠብቅም።

«እንዴት ነው መንገዱ?» አለችው።

«ዓርብማ አንገጫግጮኝ ሁለት ካርቶን ብርጭቆ ተሰበረብኝ። ከቅዳሜ ወዲህ ቅቤ ነው!»

«የማን ብርጭቆ?»

የሀያቱ ፈገግታ ጠፋ። «የጋሽ ሰብሐት።»

ብርጭቆ አስመጪው ሰብሐት ከሱቁ ደጃፍ አልተነሳም። «የመንግሥት ታይልስ እኔን ምን አገባኝ፣ እህቴ?»

ረቡዕ ጠዋት ሉብና መንገዱን በገመድ ዘግታ ሁሉንም ማዕዘኑ ላይ ሰበሰበች።

«ዓርብ ጠርዙ ላይ ነጠብጣብ ነበር፤ ፎቶው ይመሰክራል። ቅዳሜ ጋሪው መንገጫገጭ አቆመ፤ ስለዚህ የተቀየረው በዚያ መሀል ነው። ጎረቤቶችዎ ልብስና ጫማ ነው የሚሸጡት ጋሽ ሰብሐት፤ የሚሰበር ዕቃ ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። መስመሩ የወጣው አሸብር በያዘው ቁልፍ ነው። አንተ ሀያቱ፣ የጋሪህ እጀታ ላይ ያለው የታይልስ ማጣበቂያ ማስቲሽ ገና አልተላጠም።»

ሰብሐት ተነፈሰ። «ቀየርን እንበል። ትርጉም እንዳለው በምን እናውቃለን? ጌጥ መስሎን ነው።»

«ጌጥ» አለ አሸብር።

«ጌጥ» አለ ሀያቱ፣ መሬት መሬት እያየ።

ካላወቁ ስህተት ነው፤ ጥፋቱም ዞሮ ጥላሁን ላይ ያርፋል። ሉብና ደግሞ ማወቃቸውን የሚያስረዳ አንድም ማስረጃ አልነበራትም።

እትዬ ጽጌሬዳ የባላቸው ነገር የት እንደደረሰ ሊሰሙ ነጭ በትራቸውን እያንኳኩ መጡ። እግራቸው የራምፑን መስመር ነካ። ወገባቸው ቀና፣ እርምጃቸው ፈጠን አለ። ጠርዙ ገና አምስት እርምጃ ይቀረዋል፤ መንገዱ ላይ አንድም መኪና የለም።

«እትዬ፣ ይቁሙ!» ሰብሐት ዘሎ ክንዳቸውን ያዘ። «መስመሩ እኮ ይሂዱ ነው የሚልዎት!»

አሸብርና ሀያቱም ከፊታቸው ተደቅነው ነበር።

እትዬ ጽጌሬዳ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«እርስዎን ማን ነገረዎት?»

ሰብሐት ክንዳቸውን ለቀቀ። መልሱ የመጣው ከሀያቱ ነው፤ በጣም ቀስ ብሎ።

«ጋሽ በሪሁን ናቸው እትዬ። ዓርብ ዕለት ሦስታችንንም አሰልፈው፣ በእግራችን እያስረገጡ አስተማሩን።»