ዙርናው ዱላ አይደለም

ሐረር ውስጥ፣ በቀጭን መንገድ ዳር ባለ ሰማያዊ ግቢ፣ ረምዚያ የምትባል ልጅ ትኖር ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ለዶሮዎቹ እህል ልትሰጥ ሄደች። የዶሮ ቤቱን በር አንድ ጥቁር እንጨት ደግፎታል።

ጎንበስ ብላ አየችው። እንጨቱ ቀዳዳዎች አሉት። ጫፉም እንደ አበባ ተከፍቷል።

«አጎቴ ጀማል፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የአያትሽ ዙርና ነው። ድሮ ሲነፉት ይዘፍን ነበር። አሁን ግን ዱላ ነው» አላት።

ረምዚያ ተናደደች። «ይሄማ ልክ አይደለም» አለች።

ዙርናውን አንስታ ጠረገችው። አፏ ላይ አድርጋ ነፋች። ፉ! ፉ! ፉ! ምንም አልዘፈነም።

አጎቷ ሳቀ። «ዱላ ነው አላልኩሽም?»

«ይሄማ ልክ አይደለም» አለች። መሬቱን በእግሯ መታች። ጧ! ጧ!

ዙርናውን አቅፋ ግቢው ጥግ ወደተቀመጡት አያቷ ወደ ባባ ዘከሪያ ሮጠች።

ባባ ዙርናውን ተቀበሏት። ቀዳዳዎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ነካኩ።

«በየሠርጉ ከሙሽራው ፊት እየሄድኩ እነፋው ነበር» አሉ። «በኋላ ሰዎች ትልልቅ ድምፅ ማጉያ አመጡ። ከዚያ ወዲህ የጠራኝ የለም።»

«አንድም ሰው?»

«አንድም ሰው።»

«ይሄማ ልክ አይደለም» አለች ረምዚያ። እንባዋ መጣ። «እኔ ስነፋውስ ለምን ዝም አለ?»

«ምላስ የለውማ» አሉ ባባ።

ሁለት ቀጫጭን ሸምበቆ ላጡ። አንዱን በአንዱ ላይ አድርገው በክር አሰሩና ውሃ ውስጥ ነከሩት።

«ደረሰ?»

«ገና ነው። ደረቅ ምላስ አይዘፍንም።»

«አሁንስ?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደረሰ።»

ምላሱን ዙርናው ላይ ሰኩላት። ረምዚያ እንደተናደደች ነፋች። ፉ! ፉ!

«ንዴትሽ ይቆይሽ። ቀስ ብለሽ ጉንጭሽን እንደ ፊኛ ንፊ» አሏት።

ቀስ ብላ ነፋች። ጲ... ጲ... ጲጲጲ! ዶሮዎቹ ቋ ቋ ቋ እያሉ ተበተኑ።

ከዚያ ባባ ተቀብለው ነፉ። ጲሪሪ! ጲሪሪ! ድምፁ አጥሩን አልፎ መንገዱን ሞላው።

ጎረቤታቸው እትዬ ፈትሂያ እያጨበጨቡ ገቡ። አጎት ጀማልም ቆሞ ሰማ።

«ዱላ ነው?» አለችው ረምዚያ።

«አይደለም። አጥፍቻለሁ» አለ አጎቷ። ሄዶም የዶሮ ቤቱን በር በድንጋይ ደገፈ።

«ባባ፣ እሑድ የልጄ ሠርግ ነው። ይነፉልናል?» አሉ እትዬ ፈትሂያ።

ባባ ረምዚያን አዩዋት። «እሷም ከጎኔ ከሄደች እነፋለሁ» አሉ።

ማታ እናቷ ብርድ ልብስ አለበሰቻት። «ጉንጭሽ ለምን ቀላ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ዙርና መንፋት እየተማረ ነው» አለች ረምዚያ። ከዚያም እንቅልፍ ወሰዳት።