የጋሽ አንጁሎ ሙሾ

«ዝም በሉ! አትሰሙም እንዴ? ዝም በሉ አልኩ!»

እየዘፈኑ ገመድ የሚዘሉት ሕፃናት ደንግጠው ቆሙ። አሳየሽ ግማሽ እንስራ ውሃ እንዳዘለች መንገዱ መሃል ተገትራ ትጮኻለች። ትንሿ ልጅ ከንፈሯን ጣለች።

«አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽን?» አለቻት።

እውነቷን ነው። ማስተማር እንኳ አይባልም፤ አሳየሽ ለዘውድ በዓል ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ዘፈነችው፣ በማግስቱ የሶዶ ሕፃን ሁሉ ይዞት ዋለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? አሁን ማን ይመልሰዋል? የዘፈኑ ባለቤት ደግሞ ሰኞ ዕለት ዳሞታ ተራራ ሥር ተቀብረዋል።

ባለቤቱ ጋሽ አንጁሎ ነበሩ። የከተማው ሰው እብድ ይላቸዋል፤ እብድ የማይላቸው ሙሾ የቸገረው ሰው ብቻ ነው። ጎጆ አላቸው፤ በጋ ሲገባ ግን ጎጆዋን ለፍየሎቻቸው ለቀው ዋንዛ ሥር ያድራሉ። ጃርት እንሰታቸውን ሲቆፍርባቸው «እሱም ቤተሰብ አለው» ብለው ይተዉታል። ዝናብ ሲመጣ ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ እሳቸው ኩታቸውን ጥለው ወደ ደጅ ይወጣሉ። ሰው የሞተ እንደሆነ ግን ከቦምቤ፣ ከዲምቱ ድረስ በቅሎ ይላክላቸዋል።

ሥራቸውም የሌላ ሙሾ አውራጅ ዓይነት አልነበረም። የሟቹን ዘመድ አንዲት ነገር አይጠይቁም። ማሳው ውስጥ ብቻቸውን ሲዞሩ ይውላሉ፤ እንሰቱን ይዳብሳሉ፣ አጥሩን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ላሞቹ ሰው ሲቀርባቸው ይሸሹ እንደሆነ ያያሉ። «ሰው ለሟች ይዋሻል፤ እንሰት አይዋሽም» ይላሉ። ከዚያ ዱቡሻው ላይ፣ መንደሩ ለለቅሶም ለፍርድም በሚሰበሰብበት ሜዳ ቆመው፣ የሟቹን ስም ይጠሩና ያወርዱታል። አንዱን ክፉ ባል ላሞቹ እንኳ ይፈሩት እንደነበር ሲናገሩበት፣ እስከዚያ ዓይኗ ደርቆ የነበረው ሚስቱ ያኔ ከልቧ አለቀሰች ይባላል።

አሳየሽ የተዋወቀቻቸው ከጎጆአቸው በታች ካለው ምንጭ ውሃ ስትቀዳ ነው። ስታንጎራጉር ሰሟትና ጠሯት። ልጅ የላቸውም። በቀዳች ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያሉ አንድ ዘፈን አስያዟት፤ የማን እንደሆነ የነገሯት ግን ከጨረሰችው በኋላ ነው።

«የኔ ሙሾ ነው» አሉ። «ሰው የራሱን ማውረድ አይችልም። አፈር ከለበስኩ በኋላ አንቺ ታወርጂልኛለሽ። እስከዚያ ከአፍሽ እንዳይወጣ። በቁም ሰው ላይ ሙሾ አይወርድም፤ ሞትን ይጠራል።»

«እሺ» አለች አሳየሽ። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ከዚያ የዘውድ በዓል መጣ። መምህሩ ከየክፍሉ ማንም ያልሰማው የአገር ዘፈን ይቅረብ አሉ። ሰባተኛ ክፍል ምንም አልነበረውም፤ ስምንተኞች ሲያሾፉባቸው ሰነበቱ። ጓደኛዋ ቦሼ ብትለምናት፣ ብትጨቀጭቃት፣ አሳየሽ «አንድ አለኝ» አለች። የጋሽ አንጁሎን ስም ከውስጡ አስቀረች፣ ምቱን አፈጠነችው፣ ጭብጨባ ጨመረችበት። ስም የሌለውን ሙሾ ማን ሙሾ ይለዋል? ወላይትኛ የሚሰማው የጀግና ውዳሴ መሰለው፤ የማይሰሙት ሹማምንት ደግሞ ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ያን ዕለት ደስታዋ ከልክ አለፈ።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ አንጁሎ ዋንዛቸው ሥር ሞተው ተገኙ።

ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ አይለቃትም። ሒሳብ ስትሠራ ይመጣል፣ ቤት ስትጠርግ ይመጣል፤ የሚመጣውም በእሷ ድምፅ ሳይሆን በሽማግሌው ድምፅ ነው። ጆሮዋን ብትይዝ ከውስጥ ይቀጥላል። ዛሬ ምንጩ ዳር፣ ድሮ ሲያዩአት የሚንጫጩት ጉሬዛዎች ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረው ዝም ብለው አዩአት። ለዚህ ነው እንስራዋን ሳትሞላ የሮጠችው።

ቤት ስትደርስ ቦሼ ደጃፉ ላይ ትጠብቃታለች።

«አሱ፣ ጉድ ፈልቷል! ለጋሽ አንጁሎ የሚያወርድ ሰው ጠፍቷል። ለቅሶው ዛሬ ይነሣል፤ ዛሬ ካልወረደ ደግሞ ቀረ ማለት ነው። ሽማግሌው አባባ ባዳቾ ‹ለሁሉ ያለቀሰ ሰው ያለ ሙሾ ይቅር?› እያሉ ዱቡሻው ላይ ሊያለቅሱ ነው።»

አሳየሽ እንስራዋን አወረደች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» ብላ ጨረሰች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ» አለች ቦሼ። «በበዓሉ ማግስት ታናሽ ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ያንኑ እየዘፈነ በጋሽ አንጁሎ ደጅ ሲያልፍ አስቆሟቸው።»

«ተቆጡ?»

«አልተቆጡም። ‹እስቲ ድገሙት› ብለው እስኪያልቅ ቁጭ ብለው ሰሙ። ማን እንዳስተማራቸው ሲጠይቁ ያንቺን ስም ነገሯቸው።»

«ምን አሉ?»

«‹ቸኮለች› አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።»

አሳየሽ ቃሉን ደጋግማ አገላበጠችው። ቁጣ አላገኘችበትም፤ ይቅርታም አላገኘችበትም። ቢራገሟት ይሻላት ነበር።

«ሰምቻችኋለሁ» አለች እናቷ ፋንታዬ ከቤት ብቅ ብላ። ፊቷ ከስሏል። «አፍሽን ያዢ። ዱቡሻው ላይ ያንን ብታነሺ በዓሉ ላይ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ‹በቁማቸው አውርዳ ገደለቻቸው› ይሉሻል። አንድ ቀን ብለው አይተዉሽም፤ ዕድሜሽን ሙሉ ነው የሚሉሽ። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«እሳቸውስ፣ እማዬ?»

«እሳቸውማ ሞተዋል።» እናቷ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ለቅሶው ወጣች።

አሳየሽ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ቦሼም ሆድ ይፍጀው ብላ ትይዝላታለች። ዘፈኑ ግን እንደገና ከውስጧ ጀመረ። ፈራች፤ ደግሞም ጋሽ አንጁሎ ናፈቋት። ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ገረማት። ተነሥታ የእናቷን መንገድ ተከተለች።

ዱቡሻው ላይ ሰው ኩታውን እያስተካከለ ሊነሣ ነው። አባባ ባዳቾ ዘንጋቸውን ይዘው ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቁ።

«ለአንጁሎ የሚያወርድ የለም?»

«አለሁ» አለች አሳየሽ። ከሴቶቹ መሃል እናቷ አንገቷን ደፋች።

«አንቺ የፋንታዬ ልጅ? ከማን ተማርሽው?»

«ከራሳቸው። አደራ ብለውኝ ነበር።» ወደ መሃል ገባች። «በበዓሉ ቀን የዘፈንኩት እሱን ነው። በቁማቸው አወረድኩት።»

አንዲት ሴት አፏን ያዘች። ከኋላ አንድ ሰው «በላቻቸው!» ሲል ጥርት ብሎ ተሰማት። ሰዎቹ ከአጠገቧ ትንሽ ትንሽ እያሉ ራቁ። አባባ ባዳቾ ቀጥዪም አላሉ፣ ተዪም አላሉ።

አሳየሽ የጋሽ አንጁሎን ስም ጠራችና የመጀመሪያውን ስንኝ በዝግታ አወረደች። ሙሾ ተቀባይ ይፈልጋል፤ አውራጁ ሲያቆም ለቀስተኛው ይቀበላል። ጨርሳ ጠበቀች። ማንም አልተቀበላትም።

ሁለተኛውን ጀመረች።