ጠላው ግሸን እስኪደርስ

ስህን ቢያድግልኝን ያወቀችው ጠላ ደፍታበት ነው። ፍርዱ ይስተካከል ከተባለ ግን የደፋበት ጄሪካኑ እንጂ እሷ አይደለችም።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ዓመት፣ በመስከረም፣ ውጫሌ ላይ ነው። ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚጓዙትን የሐይቅ ከተማ ማኅበርተኞች የጫነው አይሱዙ ጥቂት ሊያርፍ ቆሟል። ሰዉ ወርዶ እግሩን ያፍታታል። የስህን እናት እትዬ የሺሀረግ ለማኅበሩ የጠመቁት ጠላ ግን በጄሪካን እንደታጨቀ መኪናው ላይ ቀርቶ ፀሐይ ይበላዋል። ከሐይቅ ጀምሮ ሲናጥ የመጣ ጠላ ምን ትዕግሥት ይኖረዋል? ስህን ላስተንፍሰው ብላ የአንዱን ክዳን ላላ ስታደርገው ክዳኑ ተፈናጥሮ ጠፋ፤ ጠላው ተከትሎት ወጣና ከጎን የቆመ የሌላ መኪና ጎማ ጎንበስ ብሎ የሚያይ አንድ ወጣት ላይ ወረደበት።

ስህን አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወጣቱ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዓይኑን ጠረገ፤ ከንፈሩን ላሰ፤ ጥቂትም አሰበ።

«ጌሾው ልክ ነው» አለ።

መሳቅ አልነበረባትም፤ ግን ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋና ተለያዩ።

የቀረው ጠላ ግሸን ሥር ሲደርስ ሆምጣጤ ሆኖ ነበር። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት የኔታ መዝገቡ አንድ ጊዜ ተጎነጩና ዋንጫቸውን በጨዋ ደንብ ከጎናቸው አስቀመጡት። ሌሎቹ ዞር እያሉ ከድንጋይ ኋላ ደፉት። እትዬ የሺሀረግ ሁሉንም አይተዋል። በሐይቅ ዙሪያ የእሳቸው ጠላ ያልቀረበበት ሠርግ እንደ ሠርግ አይቆጠርም ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ነጠላቸውን ተከናንበው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስህን እናቷን እንደዚያ አይታ አታውቅም። 

ጥቅምት ሲገባ አንድ ቀን ግቢው ተንኳኳ። ስህን ስትከፍት ያ ወጣት ቆሟል፤ በእጁ የጄሪካን ክዳን ይዟል።

«ክዳንሽን ይዤ መጣሁ።»

«ለአንድ ክዳን ብለህ ከውጫሌ?»

«ኧረ እዚሁ ነኝ። ቢያድግልኝ እባላለሁ። ከአስፓልቱ ዳር የብየዳ ቤት ከፍቻለሁ።» ክዳኑን ሰጣትና አልሄደም። «ግሸን ሥር እንደሆመጠጠ ሰዉ ሲያወራ ሰማሁ፤ ቤታችሁንም ያገኘሁት በዚያው ነው። ያ ጠላ ግን ጥፋት አልነበረበትም። የገደለው መንገዱ ነው።»

«መንገድ ትሠራለህ እንዴ?»

«መንገዱን አልችልም። ሳጥን ግን እችላለሁ።»

ቢያድግልኝ ያደገው ኮምቦልቻ፣ አጎቱ ዘንድ ነው። እዚያ የሆቴል ቤቶችን ፍሪጅና የድራፍት ማሽን ሲጠግን ኖሯል። ቢራ ከበርሜሉ ተነሥቶ በበረዶ መሀል አልፎ እንዴት ቀዝቅዞ እንደሚቀዳ ያውቃል። ቢራ እንዲህ ከተከበረ ጠላስ ምን በደለ? መብራት በሌለበት የሚሠራ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞት ግሸን ሥር የሚደርስ ማቀዝቀዣ እሠራለሁ አለ። ስህን ሰው ይህን ያህል ስለ ጠላ ሲጨነቅ ከእናቷ በቀር አይታ አታውቅም። አመነችው።

ሥራው ግን አልቸኮለም። ከዋንዛ ጣውላ ሳጥን ገጠመ፤ ውስጡን ላሜራ አለበሰው፤ በላሜራውና በጣውላው መሀል ብርዱ እንዳያመልጥ የጤፍ ጭድ ጠቀጠቀ። ከአንድ ሆቴል ያረጀ የድራፍት በርሜል ለምኖ አመጣ። ጠላው በበረዶ መሀል እየዞረ የሚወጣበትን የማይዝግ ቀጭን ቱቦ ሊጠመዝዝ ሲል ደግሞ ከሐይቁ ዳር ደቃቅ አሸዋ አስመጥቶ ሞላበት።

«ቱቦ አሸዋ ይበላል?» አለች ስህን። ገበያ ስትወጣና ስትመለስ ብየዳ ቤቱን ሳታይ ማለፍ ትታለች።

«ባዶውን ሲታጠፍ ይጨረማመታል። አሸዋው ከውስጥ ከደገፈው ግን እንደፈለግሽው ይዞራል።»

በግንድ ዙሪያ ቀስ እያለ ጠመዘዘው። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠልጥሎ አልጠረገውም። ስህን እጁን ታያለች። የተቃጠለ፣ የቆሸሸ፣ ጠባሳ የበዛበት እጅ ነው፤ ሲሠራ ግን እንደዚያ የሚያምር እጅ ያለ አልመሰላትም። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኗን ወደ አስፓልቱ አሸሸች። ያለፈ መኪና አልነበረም።

የመጀመሪያው ሙከራ ጉድ አፈላ። በረዶው የመጣው ከጓደኛው ከኡስማን ነበር፤ ኡስማን ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ዓሣ ከሚያቀዘቅዙበት ፍሪጅ በማዳበሪያ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ።

«ለማልጠጣው ጠላ በረዶ ስሸከም የሚያየኝ ሰው ምን ይል ይሆን ወላሂ!» እያለ ሳጥኑ ውስጥ ገለበጠው።

በርሜሉን ሞልተው በብስክሌት መንፊያ አየር ሰጡትና ቧንቧውን ከፈቱ። ጠላው ወረደ፤ ቀዝቃዛ ነበር! ስህን እንደ ደንቡ መጀመሪያ በመዳፏ ተቀብላ ቀመሰች። ፊቷ ተጨማተረ።

«ምነው?»

«ዓሣ፣ ዓሣ ይላል!»

ኡስማን መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ቢያድግልኝ ግን በርሜሉን አቅፎ ቆመ። የበርሜሉ ክዳን ጎማ በደንብ አልገጠመም ነበርና የበረዶው ውሃ ሰርጎ ገብቷል።

«አብሽር» አለች ስህን፤ ክንዱን ነካ አድርጋ። «የብረቱን ነገር አንተ ታውቃለህ። የሽታውን ለእኔ ተወው።»

ጎማውን እሱ ቀየረ። እሷ ደግሞ ለጋን እንደሚደረገው ሁሉ በርሜሉን በግራዋ ቅጠል አሽታ አጠበችና በወይራ አጠነችው። ብየዳ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ሁለቱም ዓይናቸው እያነባ፣ እያሳሉ፣ በርሜሉን ግራና ቀኝ ይዘው ገለበጡት። ጭሱ ሲገለጥ እጃቸው ተደራርቦ ነበር። ማንም አላነሣም።

«ለእኔም ቀምሰሽ ነው የምትሰጪኝ?» አላት በሌላ ቀን፤ እንደገና ሞክረው ሲሳካላቸው። «እኔ እኮ አልጠራጠርሽም።»

«መጠራጠር አይደለም። የቀዳ ሰው ይቀምሳል። እኔ አለሁበት ማለት ነው።»

«ኮምቦልቻ ድራፍት ቀጂው ቢቀምስ ያባርሩት ነበር።»

«እንኳን ከኮምቦልቻ መጣህ!» አለችና መዳፏ ላይ የቀረውን ረጨችበት።

በግንቦት ቢያድግልኝ ሽማግሌ ላከ። ፊት መሪው የኔታ መዝገቡ ነበሩ። እትዬ የሺሀረግ በደንቡ ተቀበሏቸው፤ በደንቡም አዳመጧቸው።

«የኔታ፣ ልጁ ክፉ ነው አላልኩም። ግን ማን ያውቀዋል? አባት እናቱ አልፈዋል፤ አጎቱ ኮምቦልቻ ነው። አብሮ አደግ የለው፤ ጎረቤት የለው። ነገ ሳጥኑን ተሸክሞ ቢሄድ ማንን እይዛለሁ? ዋስ አምጡ። እኔ አለሁለት የሚል አንድ የአገር ሰው አምጡልኝና ልጄን እሰጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማንም ልጁን ያን ያህል አያውቀውም፤ ዋስ መሆን ደግሞ ቀልድ አይደለም። የኔታም «እንፈልጋለን» ብለው ተነሡ። ስህን ከጓዳ ሆና ሰማች። ከዚያ ይልቅ እምቢታ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ማኅበሩ ለግሸን ጠላ ማን ይጠምቃል የሚለው ተነሣ። እትዬ የሺሀረግ አልጠምቅም አሉ። ስህን ግን ያን ቀን እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«እምዬ፣ አምና የተደፋው የአንቺ ጠላ አይደለም። መንገድ ያበላሸው ነው። የአንቺን እስቲ አንድ ጊዜ ይቅመሱት።»

እናትየዋ በማግስቱ ብቅሉን አወጡ። ስህን ድፍድፉ ሲደርስ ቱቦው በአተላ እንዳይደፈን ደጋግማ አጠለለችው። ቢያድግልኝ ሳጥኑን ከነበረዶው ይዞ ሲመጣ እትዬ የሺሀረግ ዞረው አዩትና፣

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ጠላዬን በቃሬዛ!» አሉ። ቀጥለውም ሳቃቸውን ዋጡት። «ስማኝ ልጅ ቢያድግልኝ። ደግመህ ካዋረድከኝ ደጄን እንዳትረግጥ።»

«እሺ እትዬ» አለ።

በንግሡ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ ከተራራው ወርደው ሥሩ ካለ ዛፍ ጥላ ተቀመጡ። ቢያድግልኝና አንድ ማኅበርተኛ ሳጥኑን መኪናው ከቆመበት ተሸክመው አመጡት። ሰዉ ከበበው። ቢያድግልኝ በመንፊያው አየር ሰጠ፤ ብርጭቆ ደገነ፤ ቧንቧውን ከፈተ። ጠላው እንደ ወይራ ማር ጠቁሮ፣ አረፋ ደፍቶ ወረደ። ብርጭቆው ላብ አወጣ። በዚያ ፀሐይ እንዲያ ያለ ብርጭቆ ያየ ሰው አልነበረም፤ ከጀርባ ያለው ሕዝብ አንገቱን አሰገገ። ስህን ደረቷ ሊፈነዳ ደረሰ። ያን ሁሉ ወር ሲያጥፍ፣ ሲበይድ፣ ሲያፈርስ ያየችው ሰው እዚያ ቆሟል።

ቢያድግልኝ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ለየኔታ አቀረበ።

የኔታ እጃቸውን አልዘረጉም።

«ማን ቀመሰው?»

ቢያድግልኝ ግራ ገባው። ደስታውም አቅሉን አስቶት ነበር። «የኔታ፣ ንጹሕ ነው! ከበርሜሉ እስከ ብርጭቆው የሰው እጅ አልነካውም» አለ፤ በኩራት።

«ታዲያ የሰው እጅ ያልነካውን እኔ በማን አምኜ ልጠጣ ልጄ?»

ክፋት አልነበረበትም አነጋገራቸው። ይሁንና ከዳር አንዱ ሳቀ፤ ሌላው «ከሳጥን የወጣ መጠጥ» ብሎ አጉረመረመ። ብርጭቆው በቢያድግልኝ እጅ ላይ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ። መዳፉን ቢደግን ኖሮ ያልቅ ነበር፤ ግን አፈረና ደነዘዘ። ደግሞስ እሱን ማን ያውቀውና ይታመናል?

ስህን ተነሣች። በሽማግሌ ተጠይቃ ገና ያልታጨች ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ ጠያቂዋ ስትሄድ ምን እንደሚባል ታውቃለች። ከቧንቧው ሥር መዳፏን ደገነች።

«ክፈተው» አለችው።

ከፈተው። ጠጣች። ከዚያም ዞራ «እኔ ቀምሻለሁ የኔታ» አለች።

ሹክሹክታው ተነሣ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺማ ቀመስሽ ልጄ። ልብሽን ሁላችንም እናውቃለን። የጠላው ባለቤትስ?»

ያኔ ሁሉም ሰው ወደ እትዬ የሺሀረግ ዞረ። አምና ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡበት ያው ድንጋይ ላይ ናቸው። ቢቀሩ ማንም አይወቅሳቸውም፤ ውርደቱ የልጁ ብቻ ይሆናል። ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ያንን ብርጭቆ ይዞ የቆመውን ወጣት አዩ። እሱም አያቸው፤ አልለመናቸውም፤ ምክንያትም አልደረደረም። 

እትዬ የሺሀረግ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። መንገዱን ሰው ለቀቀላቸው። ከሳጥኑ ፊት ጎንበስ አሉና ሥራ ያጠቆረውን መዳፋቸውን ደገኑ።

«ክፈት ልጄ።»

ጠላው መዳፋቸው ላይ ሞላ። ጠጡት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።  ጉንጫቸው ላይ አንድ እንባ ወረደ።

«ከጋኔ እንደወጣ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ራሱ ነው።»

ብርጭቆውን ከቢያድግልኝ እጅ ተቀበሉና ለየኔታ ሰጡ። የኔታ ባርከው ተጎነጩ፤ ደገሙ፤ ጨርሰው ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ዋንጫውን እያነሣ ተጋፋ። ሳቁና ምርቃቱ አንድ ላይ ሆነ።

የኔታ ጢማቸውን ጠረጉ። «የሺሀረግ፣ በግንቦት ዋስ አምጡ ብለሽን ነበር። ሰው ፈልገን አጣን።»

«አዎን ብያለሁ።»

«ታዲያ ዛሬስ ምን ትያለሽ?»

እትዬ የሺሀረግ እርጥብ መዳፋቸውን ወደ ማኅበርተኞቹ ዘርግተው አሳዩ።

«አገር እያየ ቀመስኩለት እኮ የኔታ። ከዚህ ወዲያ ምን ዋስ ትፈልጋላችሁ? እኔው ነኝ።»

ስህን ቢያድግልኝን አየችው። እሱ ወደ እናቷ ዞረ። ያለው ነገር ደግሞ፣ «ጌሾው ልክ ነው?» የሚል ነበር።

በጥር ተጋቡ። በሠርጋቸው ቀን ሳጥኑ ዳሱ በር ላይ ቆሞ ዋለ፤ ሙሽራው አልቀመጥም ብሎ ራሱ ሲቀዳ ሚዜዎቹ ጎትተው መለሱት። ከዚያ ወዲህ ግን፣ ሐይቅ ውስጥ ያየው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ቢያድግልኝ መጀመሪያ መዳፉን ከቧንቧው ሥር ሳይደግን ለማንም ቀድቶ አያውቅም።